«እንዳታትሚው» የተባለው ወረቀት

ሉብና መርካቶ ሰባተኛ ላይ፣ ከክር ነጋዴዋ ከእትዬ ሠርኬ ሱቅ ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት የኮፒ፣ የፕሪንትና የፋክስ ቤት ነበራት። ጀማለዲን መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሦስተኛው ሰው እሱ ነበር። ተራውን ሲጠብቅ ጣቃ የተሸከመ ኩሊ «ዞር በል!» ብሎ ገፋውና ከነፓስፖርቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ኮፒ የሚደረገው ወረቀት ነው፤ ሰው አይደለም» አለችው።

ሳቀ። ያ ሳቅ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ጀማለዲን ልብስ ለማምጣት ኢስታንቡል የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ከመሄዱ በፊት የቪዛውን፣ የሆቴሉንና የጉዞ ኢንሹራንሱን ወረቀት ወደ ሱቋ ኢሜል ይልካል፤ እሷ ታትማለች። ሉብና ደግሞ የራሷ ደንብ ነበራት። የመንገደኛ ወረቀት ሁለት ሆኖ ይታተማል። አንዱ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ሌላው ስሙ በተጻፈበት ፕላስቲክ ገብቶ ክላሰሯ ውስጥ ይቀመጥና መንገደኛው በሰላም ሲመለስ በእጁ ይቀደዋል።

«ስልኬ ላይ እያለ ሁለት ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላታል።

«ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል። ወረቀት ቻርጅ አድርጉኝ አይልም።»

«እኔ ብሰረቅስ?»

«አንተን ደግሞ ማን ይሰርቅሃል!» ትልና ፊቷን ወደ ማሽኑ ታዞራለች። ማሽኑ ምንም አልሆነ፤ ፈገግታዋን እንዳያይባት ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ቤት ሳያስገባ እሷ ጋ ይመጣል። ወረቀቱን ይቀድዳል፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሄዳል። የሁለቱም ነገር በሆድ ይፍጀው ነበር። እትዬ ሠርኬ አንድ ቀን አላስችላቸው ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰው ወረቀቱን ነው አንቺን የሚፈልገው?» ብለው ጠየቋት።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ነገር ተበላሸ። የጀማለዲን ኢሜል ጠዋት ገባ። ሉብና አዲስ ፕላስቲክ አውጥታ ስሙን ጻፈችበት። ኢሜሉን ልትከፍት ስትል ራሱ እያለከለከ ደረሰ።

«ሉብና! አተምሽው እንዴ?»

«ገና ነኝ።»

«እንዳታትሚው! እንዳትከፍቺውም! ስልኬ ላይ አለ፤ ይበቃኛል።»

«ኢንሹራንሱንም?»

«ሁሉንም። ዘመኑ... የስልክ ነው።»

ዓይኗን አላያትም። ሉብና ክው አለች።

«እንግዲያው በሰላም ግባ» አለችው።

ሰው የልቡን ሳይናገር ሲቀር ሌላው የመሰለውን ይሞላበታል። ሉብናም ሞላች። «ሰለቸሁት። ሌላ አግኝቶ ነው» አለች ለራሷ። ኢሜሉን አልከፈተችውም፤ ደንበኛ አትክፈቺ ካለ አይከፈትም። ባዶውን ፕላስቲክ ግን መጣል አቃታት። ስሙን እንደያዘ ክላሰሯ ውስጥ መለሰችው።

ከዚያ ናፍቆት ጀመረ። ደጁ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ኩሊ ነው። የክር ገዢ ነው። ክላሰሩን በቀን ስንቴ እንደምትገልጥ እሷም አታውቅም። የሰው ናፍቆት ክፉ ነው... ያኮረፉት ሰው ናፍቆት ግን ይብሳል። ለማን ይነገራል?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ።

«ሉብና... እኔ ነኝ።»

«ጀማል! ምነው ድምፅህ? የት ነህ?»

«እዚሁ ኢስታንቡል፣ ሐኪም ቤት። ደረጃ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ስልኬማ ከእኔ ብሶ እንክትክት ነው ያለው። እግሬ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ብለዋል፤ የኢንሹራንሱ ወረቀት በፋክስ ይምጣ አሉኝ። የኢሜሌ ፓስወርድ ጠፍቶብኛል። ከእናቴ ስልክ ሌላ በቃሌ የማውቀው ያንቺን ብቻ ነው። ያን ኢሜል ክፈቺውና አትመሽ ላኪልኝ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስትከፍቺው ግን... እንዳትቆጪኝ።»

የፋክሱን ቁጥር መዳፏ ላይ ጻፈች። ኢሜሉን ልትከፍት ስትል መብራት ድርግም! ጩኸቷን የሰሙት እትዬ ሠርኬ የጄኔሬተራቸውን ገመድ እየጎተቱ አመጡላት።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ስሙ። ቀጥሎ የፓስፖርቱ ቁጥር። ከታች «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ከሚለው ጎን... ሉብና ኢስሀቅ! ስልኩም የሱቋ ስልክ። «ዝምድና» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር።

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ለካ የሸሸው እሷን አልነበረም፤ ይህችን መስመር እንዳታይበት ኖሯል!

ወዲያው በፋክስ ላከችው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከሐኪም ቤቱ አንድ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ደወለ።

«ወረቀቱ ደርሷል። አንድ ቦታ ግን ባዶ ነው። ለታካሚው ምኑ ነዎት?»

ሉብና ባዶውን ፕላስቲክ አየች። በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ሠርኬ በዓይናቸው «በይ እንጂ!» ይሏታል።

«እጮኛው ነኝ» አለች።

አስተርጓሚው ቃሏን ለጀማለዲን ሲነግረው፣ «አልሐምዱሊላህ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ስልኩን ተቀበለው።

«ሉብና፣ እውነትሽን ነው? ትዳር... እሺ ትይኛለሽ?»

«ሽማግሌ በስልክ አይላክም! መጀመሪያ ዳን። ከዚያ በደንቡ ይምጡ።»

ከወር በኋላ ጀማለዲን በክራንች እየተደገፈ ሰባተኛ ደረሰ። በዚያን ቀን ዞር ያሉት ኩሊዎቹ ነበሩ። የላካቸው ሽማግሌዎች በዚያው ሰዓት አባቷ ቤት ናቸው። ሉብና ያን ጊዜ በፋክስ የላከችውን ወረቀት ከፕላስቲኩ አውጥታ ሰጠችው።

«ተመልሰሃል። ቅደደው።»

«ይሄስ አይቀደድም።»

ሁለቱም የሱቁን ስልክ ተመለከቱ። ሲጠራ ሉብና አነሳችው። እናቷ ናቸው።

«ልጄ፣ አባትሽ እሺ ብለዋል።»

መናገር አቅቷት ራሷን ብቻ ነቀነቀችለት። ጀማለዲን ከጠረጴዛዋ ላይ እስክሪብቶ አነሳና «ዝምድና» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ «እጮኛ» ብሎ ጻፈ።

«ሚስት የሚለውን በሚቀጥለው ጉዞ ታትሚዋለሽ» አላት።

ሉብና እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ወረቀቱን ኮፒ አድርጋ አንዱን ለእሱ ሰጠችው፤ ሌላውን ስሙ ያለበት ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው።