ናፍጣውን ማን ገፋልኝ?

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፤ እግዚአብሔርን እፈራለሁ፣ እጾማለሁ፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፣ አያት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ «ደረጃው ላይ የሚመላለስ ነገር አለ» ሲሉኝ እንኳ «የግቢውን በር እስከዘጋ ድረስ ይመላለስ» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። አሁን አልስቅም።

ተወልጄ ያደግሁት አዲግራት ነው፣ እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ፣ በአንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ለቦሌ የእንግዳ ማረፊያዎች አትክልት አደርሳለሁ። ባለፈው ክረምት መኪናዋ አመል አወጣች፤ ጠዋት ጠዋት ማስነሻ ሞተሪኖው እየዞረ አልነሳ ትላለች፣ በስንት ልመና ከተነሳች በኋላም መንገድ ላይ ድንገት ጭጭ። መካኒኬ ጋሽ ደሳለኝ ባትሪውን አየ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ በመጨረሻ «የናፍጣው መስመር አየር ይስባል፣ ከየት እንደሆነ ግን አልያዝኩትም» አለኝ። እንዲህ ሲሆን ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ደጋግሞ መጫን ነው፣ ናፍጣው ይገፋና አየሩ ይወጣል። ጋራዡ ጫጫታ ስለሆነ ጋሽ ደሳለኝ ሲጨርስ አይጣራም፣ ኮፈኑን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፣ ያኔ ቁልፉን አዞራለሁ።

ያን ቀን እናቴ ለዓይን ሕክምና ከመቀሌ በአውሮፕላን ትመጣ ነበር። ከትግራይ ወጥታ አታውቅም፣ አማርኛ አትሰማም፣ ዓይኗም ከጥላ በቀር አይለይላትም። ወደ ኤርፖርት ስወርድ ዋናው መንገድ በዝናቡ ተዘጋግቶ ስላገኘሁት ከጎሮ ጀርባ፣ ለግንባታ በታጠሩ ሁለት የቆርቆሮ አጥሮች መካከል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ገባሁ፣ ከገባሁ በኋላ ነው በሮቼን የምከፍትበት ቦታ እንደሌለ ያየሁት። መሃሉ ላይ ስደርስ መኪናዋ ጠፋች።

ብሞክር ብሞክር አልነሳ አለችኝ። ለጋሽ ደሳለኝ ብደውል ውጪና ፓምፗን ተጫኛት አለኝ፣ መውጫ የለኝም ስለው እንግዲያስ ባትሪውን እንዳትጨርሺው፣ ቁጭ በይ፣ እኔም ከዚህ ዝናብ ወጥቼ እስክደርስ ይመሻል አለ። ገና ሳልዘጋው በማላውቀው ቁጥር ተደወለ፣ እናቴ ናት፣ አብራት የተሳፈረች ሴት ስልኳን አውሳት ነው።

«ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ሄደ፣ ይቺም ልትሄድ ነው። የቱ ጋ ልቁም?»

ደርሻለሁ አልኳት።

ዝናቡ አባራ፣ ቆርቆሮው መንጠባጠቡን ተወ፣ እኔም እንደ ታሸገ ዕቃ መሪው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ያኔ ሰማሁት፤ ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ስሰማው የከረምኩት የፓምፗ ድምፅ ነው። ፊት ለፊቴ ሰው የለም፣ ኮፈኑም እንደተዘጋ ነው፣ እመኑኝ፣ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

አማተብኩና አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፣ ድምፁ ቆመ። አሜን ስል ቀጠለ። አጋጣሚ ነው ብዬ ደግሜ ጀመርኩ፣ አሁንም ቆመ፣ ሲቆም ደግሞ እንዲሁ አይደለም፣ ልክ ሰው ሥራውን አቋርጦ ነገርሽን እስክትጨርሺ እንደሚጠብቅሽ ነው። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በማታየው ሰው መሃል።

አፌን ዘጋሁ።

ድምፁ ሳይቸኩል ቀጠለ፣ እየከበደ፣ እየጠነከረ መጣ፣ ፓምፗ ናፍጣ ስትሞላ እንዲሁ ነው የምትሆነው። ከዚያ ኮፈኑ ሁለቴ መታ መታ ተደረገ፣ ላዩ ላይ የቀረው የዝናብ ጠብታ ሲዘል አይቻለሁ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ባንዴ ተነሳች።

እናቴን ያገኘኋት መውጫው አጠገብ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነው፣ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችና እኔ መሆኔን ስታውቅ አለቀሰች። ዝናቡ ካባራ ወዲህ በተከፈተው ዋና መንገድ ወደ አያት ስንመለስ፣ መቼም ልማዷ ነው፣ ውዳሴ ማርያሟን በለሆሳስ ጀመረች። ሞተሩ ተንገጫገጨ። ከኋላዬ አንድ ሲኖትራክ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ ወዲህም ወዲያም መውጣት የለም። እናቴ ሳል ይዟት ስታቋርጥ ሞተሩ ተስተካከለ፣ ስትቀጥል መልሶ ሊጠፋ ተንደፋደፈ፣ መብራቱም ደከመ።

«አደይ፣ እባክሽ፣ ቤት እስክንገባ ዝም በይልኝ» አልኳት።

በሕይወቷ ማንም ከጸሎት ዝም በይ ብሏት የሚያውቅ አይመስለኝም። «ለምን?» አለችኝ፣ ግን ጸሎቷን አቋረጠች። ሞተሩ እስከ አያት ድረስ ሳይንገጫገጭ ሄደ፣ እንደዚያ ለስልሶ ሲሠራ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸው፣ አየር የሚስብበት የለም፣ ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ጥብቅ። «እኔን ጥለሽ ማን ጋ ወሰድሻት? ማንም ይሁን፣ እጁ ጥሩ ነው» ብሎ ቀለደብኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አንድም ቀን አልጠፋችብኝም። ጠዋት ውጪ ቆሜ አማትባለሁ፣ ከዚያ አፌን ዘግቼ እገባለሁ። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፣ ምን ብዬ? ቅዳሴ ላይ ግን፣ ከሰው ጋር አብሬ አቡነ ዘበሰማያት ልል አፌን ስከፍት፣ የሆነ ቦታ አንድ እጅ ሥራውን አቋርጦ እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።