ሁለተኛው ዓይን

አራቱ ፎቶዎች በአያ ይርጋ ቤት ወለል ላይ፣ አጎዛ ተነጥፎላቸው፣ በተራ ተደርድረዋል። ጌጤ ተንበርክካ አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። አባቷ ናቸው። ባርኔጣቸው፣ መሐሉ ላይ ጉብ ያለው አፍንጫቸው፣ እስከ አንገታቸው የተቆለፈው ኮታቸው፣ ሁሉም የሳቸው ነው። ፊታቸው ግን ወደ ጎን ዞሯል። የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

ፎቶውን ያነሳው አስረስ ነው። ቀና ብላ አየችው። እሱ ጣራውን ያያል፤ በአያ ይርጋ ጣራ ላይ ከጥላሸት በቀር የሚታይ ነገር እንደሌለ ግን ሁሉም ያውቃሉ።

ማኅበራቸው ሕግ አለው። አራቱም ከጽዋ ማኅበር ሌላ ማኅበር አይተው ስለማያውቁ የፎቶውንም እንደዚያው አድርገው ነው ያቋቋሙት። መሪው አያ ይርጋ «ሙሴ» ይባላል። «ሣጥኗ» የሚሏት አንዲት አሮጌ ካሜራም እንደ ጽዋው ከቤት ቤት ትዞራለች። ተረኛው ለአንድ ሳምንት ይይዛታል፤ ሁለት ፎቶ መያዣ መስታወት ይሰጠዋል፣ በሁለቱ ሁለት ፎቶ ያነሳል። ወረቀት ውድ ስለሆነ ከሁለቱ የተሻለው ብቻ ይታተምና በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባሉ። ባለፎቶው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም። ስለ ፎቶው እንጂ ፎቶው ውስጥ ስላለው ሰው አይወራም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያወጣው አያ ይርጋ ነው። ጊዜው 1931 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስለ ሰው ማውራት ደግሞ ብዙ ሰው አስበልቷል።

አያ ይርጋ ፎቶውን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለው። ከጆሮ ግንዱ ሥር ያለውን ጥላ አሳያቸው፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ፊት እንዴት አጥንት እንደሚያወጣ አስረዳ፤ ከወሩ ሁሉ ይህ ይበልጣል አለ። ጌጤ አንዱንም አልሰማችም።

ቀጥሎ ተራው የማሩ ነበር። ማሩ የእብናት እህል ነጋዴ ልጅ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሕጉ ሲወጣ ተኝቶ የነበረ ይመስላል።

«እንዴ፣ እንደ ይሁዳ አንድ ዓይን አደረጋቸው እኮ» አለ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉውና ከሐዲው በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። አስረስ ደግሞ ዕድሜው አሥራ ስድስት ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ የኔታ መዝገቡ ዘንድ ሥዕል የተማረ ልጅ ነው። ሳያውቅ አደረገው ማለት አይቻልም።

ተራው ሲደርስ አስረስ «እሳቸው ናቸው የዞሩት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

«ውሸታም» አለች ጌጤ፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ያናደዳት ፎቶው ብቻ አልነበረም። አስረስ ፎቶ ሊያነሳቸው ሲፈልግ አባቷን ለምና እሺ ያሰኘችው ራሷ ናት። ከዚያ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ጨርሶ ሄዷል። ጓደኛዬ ብላ ቤቷ ያስገባችው ልጅ ይህን ይዞ ወጣ።

አባቷ አቶ በላይነህ የጣልያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ናቸው። ቋንቋውን በወጣትነታቸው አስመራ ሲሠሩ ነው የለመዱት። የከተማው ሰው ፊት ለፊት እጅ እየነሳቸው ኋላቸው ሲዞር ባንዳ ይላቸዋል፤ ጌጤም ይህን ሰምታ እንዳልሰማች መሆን ለምዳለች። በኅዳር ግን ከጉና ተራራ ሥር ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ለአርበኞች ስንቅ ሰጥተዋል ተብለው ሕዝብ በተሰበሰበበት ቆሙ። ካፒቴኑ ተናገረ፤ አባቷ «ቤቱ ይቃጠላል» ሲሉ ጮክ ብለው ተረጎሙ። ጌጤ ሕዝቡ መሐል ነበረች። ለእራት የሚጠራት ድምፅ ነው ይህን ያለው። ቤቱ ከነገብስ ክምሩ ነደደ። ደምሴ አስረስን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው።

ያኔ አባቷን ጠይቃቸው ነበር። «ቃሉ የነሱ ነው። የኔ አፉ ብቻ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ይህ መልስ በልቧ ተመላለሰ፤ አንድ ቀን ልክ ይመስላታል፣ በማግስቱ ያስጠላታል።

ሰኞ ጧት አያ ይርጋ ዘንድ ተመልሳ የአስረስን ሌላኛውን መስታወት ለመነችው። ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። መስታወት ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ አባቷ ነጭ ጢም ያላቸው ጥቁር ሽማግሌ መስለዋል። ዓይናቸው ግን ሁለት ነው። ቀጥ ብለው ወደ ሣጥኗ እያዩ ነው። አያ ይርጋ ምንም ሳይጠይቃት ወረቀቱን ከመስታወቱ ሥር አድርጎ ፀሐይ ላይ አሰጣላት፤ ሥዕሉ ቀስ እያለ ወጣ።

«አያ ይርጋ፣ አንተም ለጣልያኖቹ ፎቶ እያነሳህ ነው መስታወቱን የምታገኘው» አለችው። «አንተን ማን በጎን አነሳህ?»

አያ ይርጋ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «እኔ ዘወትር ከሣጥኗ ኋላ ነኝ። ለዚህ ይሆናል» አለ።

ፎቶው ሳይደርቅ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። የየካቲት ነፋስ አቧራውን ዓይኗ ውስጥ ይሞጅራል። የኔታ መዝገቡ ግድግዳውን እንደ አዲስ እየሣሉ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ የሕዝቡን ፊት ለአስረስ ትተውለታል። አስረስ መሰላል ላይ ነበር። ጌጤ መጀመሪያ ያየችው ግን እሱን አልነበረም። በሴቶች በር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጌታን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ዱላና ችቦ ይዘው በከሰል ተነድፈዋል። ከፊት የሚመራቸው ይሁዳ ባርኔጣ የለውም። አፍንጫው ግን መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ነው። አንድ ዓይን አለው።

«ይህን ለምን ደበቅኸው?» ብላ ፎቶውን ዘረጋችለት።

አስረስ ወረደና አየው። «አልደበቅሁትም። ይህ ከካፒቴኑ ጎን ሲቆሙ የሚያሳዩት ፊት ነው። ፈገግታውን እዪው።»

አየችው። እውነቱን ነው። ያን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ግን አይታው አታውቅም።

«ለአባቴ ብነግርስ?» አለች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በሐምሌ ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ተሰቅሏል። አስረስ ከሰሉን ሲያጠብቀው እጁ ውስጥ ተሰበረ።

«ንገሪያቸው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀለም የሚቀባው በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ሁለት ዓይን አምጪልኝ። እንዲህ የተቀባባ ሳይሆን እውነተኛ። ካመጣሽ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ከሰል ነው ይለቃል። ቀለም ከተቀባ ግን የልጅ ልጆችሽም ያዩታል።»

የሣጥኗ ተራ በዚያ ሳምንት የጌጤ ነበር። ሁለት መስታወት፣ ስምንት ቀን።

መቀመጥ አቃታት። እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ጥጥ እየፈተሉ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንደ ታሰረ ጥጃ የምትዞሪው ብለው ተቆጧት። ሦስት ጊዜ ልትነግራቸው አባቷ ፊት ቆመች። ሦስቱንም ጊዜ አስረስ መሰላሉ ላይ ሆኖ ታያት፤ በቅሎው ውሃ ጠጥቷል ወይ ብላ ጠይቃ ተመለሰች። አባቷ ልጃቸው ለበቅሎ እንዲህ ማሰብ ከመቼ ጀመረች ብለው ሳቁ።

ሐሙስ ሳያዩዋት ልታነሳቸው በሩ አጠገብ ተደብቃ ጠበቀች። ከቢሮ ሲመለሱ፣ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ የሣጥኗን መጫኛ ተጫነች። ወዲያው ታወቃት፤ እየዞሩ ነበር። የሚንቀሳቀስ ፊት በሣጥኗ ጭጋግ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንድ መስታወት ከሰረች። አንድ ቀረ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቷን ጓሮ ወይራው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ኮታቸውን አውልቀው በነጠላ ነበሩ። ፎቶ ላንሳዎት አለች። እሺ አሉ። አምስት እርምጃ ለካች፣ ሣጥኗን ደረቷ ላይ ያዘች፣ ከላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ቁልቁል አየች። መስታወቷ ውስጥ አባቷ ጣት ያህል ሆነው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ።

«አባባ፣ ወደኔ ይዩ።»

«እንዲህ ይሁን፣ ልጄ።»

«ለምን?»

የሚያዩት ወደ ጉና ነው። ነፋሱ የወይራውን ቅጠል እያገላበጠ ነጭ ጀርባውን ያሳያል።

«ያ ልጅ ሲያነሳኝ መጀመሪያ ፊት ለፊት ነበርሁ» አሉ። «እጁ የረጋ፣ ሥራ የሚወድ ልጅ መሰለኝ። ሁለተኛውን ሲያዘጋጅ፣ የማን ልጅ ነህ አልሁት። የጉናው የደምሴ የወንድም ልጅ ነኝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ላየው አልቻልሁም።»

ጌጤ ሣጥኗ እጇ ላይ ከበደቻት። አስረስ አልዋሸም። እሳቸው ናቸው የዞሩት። በሰው ፊት ውሸታም ብላው ወጥታለች። እሱ ግን ለምን እንደዞሩ አልገባውም፤ የናቁት መስሎታል።

«ግድግዳውን አይተዋል?» አለች።

«አይቻለሁ። ካፒቴኑም አይቶታል። አርብ ሥዕል አሳየኝ ብሎ ይዤው ሄድሁ። እኔን ከሚመስለው ሥዕል ፊት ቆሞ ይህ ማነው አለኝ። ይሁዳ ነው አልሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።»

ከንፈራቸው ሊስቅ ዳድቶ ተወው። ጌጤ ማልቀስም መቆጣትም አማራት። አንድ ቃል ቢናገሩ አስረስ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር፤ አልተናገሩም። በኅዳር የተናገሩት ቃል ደግሞ አለ። የደምሴ ቤት ዛሬም አመድ ነው፤ የዚህ አርብ ዝምታ ያን ቀን አይሽረውም። ሁለቱን አንድ ላይ ልታደርጋቸው ሞከረች፣ አልሆነላትም። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ ያ ብቻ ነው ያልተለወጠው።

አንድ መላ ነበራት። ሳምንቱን ሙሉ ስታስበው ነው የከረመችው። በድንገት «አባባ!» ብላ ብትጮህ ይዞራሉ። ምንም ይሁኑ ምን ልጃቸው ስትጠራቸው ይዞራሉ። ያኔ መጫኛውን መጫን ነው። ሁለት ዓይን ይወጣል፣ ማክሰኞ ከሰሉ ይጠረጋል፣ ነገሩ ያልቃል። አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው። ሰርቃ ያነሳችውን ዓይን ለአስረስ እውነተኛ ነው ብላ ልትሰጠው አልፈለገችም። ለራሷም አልፈለገችም።

ሣጥኗን እንደያዘች በርጩማውን ዞረች። የዶሮውን ቤት አልፋ፣ አባቷ በሚያዩበት በኩል፣ በሳቸውና በጉና መሐል ገብታ ቆመች። አምስት እርምጃ ለካች። በትንሿ መስታወት ቁልቁል ስታይ ሙሉ ፊታቸው መጣ፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነው።

«ፀሐይ ይመታሻል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ግድ የለም። እስኪመችዎት እቆማለሁ» አለች።

እናቷ ከቤት ምሳ ቀርቧል ብለው ተጣሩ። ሁለቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጌጤ እግሯን አስተካክላ፣ ሣጥኗን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ጣቷን መጫኛው አጠገብ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።