ለጋ ባሕር ዛፍ የመሰለው ጊታር

«ሸጠኸዋል በቃ! ሸጠኸዋል!» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ፣ የጋራዡን ቆርቆሮ በር በመዳፋቸው እየደበደቡ። «አንድ ሙሉ ሚኒባስ በሁለት ቀን ቀብቶ የሚያስረክብ ልጅ፣ ለአንዲት ጣውላ ሰባት ወር?»

መኪና ቀቢው ገመቺስ የቀለም ጨርቁን ያጣጥፋል፣ መልሶ ይዘረጋል።

ልጃቸው ርሆቦት ከኋላቸው ቆማ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ ታያለች። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ አሰጣለሁ። በነሐሴ ዝናብ ልብስ የሚያሰጣ ማን ነው እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ ልብስ አልነበረም።

ጊታሩ አልተሸጠም። እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠና ስድስት ጥር ላይ ነው። ርሆቦት ያኔ ኮተቤ መምህርነት ትማራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቸርች ከመዘምራኑ ጋር በተውሶ ጊታር ትጫወታለች። አጎቷ ከዱባይ የራስሽን ኤሌክትሪክ ጊታር አመጣሁልሽ ብሎ ካርቶን ሰጣት። ሲከፈት ገላው ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ ማግኔቱና ሽቦው በፌስታል። ለካ ራስሽ ገጣጥሚው የሚሉት ዓይነት ነው። እኔማ የተሰበረ ወንበር ያመጣላት መስሎኝ አዝኜላት ነበር።

ወደ ገመቺስ ያመጣችው ቀለም እንዲቀባላት ብቻ ነው።

«እንደ ታክሲ ሰማያዊ እንዳታደርገው» አለችው።

«እና ምን ይሁን?»

«የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል። ያ ብርም አረንጓዴም የሚመስለው።»

ቅጠሉን ፍለጋ እንጦጦ ወጡ፣ ከኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ጫካ። ኮተቤ እስኪመለሱ ቅጠሉ ጠወለገ፤ ቀለሙም ሌላ ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወጡ። እንደገና ጠወለገ። ቀለሙን በጣሳ ይዞ ወጥቶ እዚያው ዛፉ ሥር ማስተያየት ይቻላል፤ ይሄን ለማሰብ የእኔ የስድስተኛ ክፍል ትምህርትም ይበዛል። ግን ማን ይናገራል? እሷ ፀጉሯ ላይ የቅጠል ስባሪ፣ እሱ ፊቱ ላይ የማያውቀው ፈገግታ ይዘው ሲመለሱ ብታዩ፣ እናንተም አፋችሁን አትከፍቱም።

እያለ እያለ መግጠሙም የእሱ ሥራ ሆነ። ገላውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ አቧራውን እፍ ትልለታለች። ሽቦውን ሲበይድ የእጅ ባትሪ ትይዝለታለች። ብርሃኑ ሽቦው ላይ አልነበረም፤ እጁ ላይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጊታሩ አለቀ። በጨርቅ ጠቅልሎ ከአሮጌ ጎማዎቹ ጀርባ ሲደብቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ካለቀማ በምን ሰበብ ትመጣለች? ቅዳሜ በመጣች ቁጥር «ትንሽ ይቀረዋል» ይላታል። እሷም «አትቸኩል» ትለዋለች።

«ሐሙስ ትሄዳለች!» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። «መቱ ተመድባለች፣ ለማስተማር። ባዶ እጇን ልትሄድ ነው?»

ጨርቁ ከገመቺስ እጅ ወደቀ።

«መቱ?» አላት፣ እሳቸውን ትቶ።

«ትናንት ነው የሰማሁት» አለች ቀስ ብላ።

ወደ ውስጥ ገባ። ጊታሩን አምጥቶ ፊታቸው ገለጠው። ያን ጋራዥ ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ፎቅ በልቶታል። እኔ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ወደ እንጦጦ ቀና ስል፣ ያ ቀለም ልቤን ይነካካኛል።

ጋሽ ዋቅጅራ በጣታቸው ዳሰሱት። «ደርቋል እኮ። መቼ ነው ያለቀው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ታዲያ?»

ገመቺስ የወደቀውን ጨርቅ አነሣ።

«ካለቀ... አትመጣም ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ዞረው ልጃቸውን አዩ። «አንቺስ? ማለቁን አታውቂም?»

«ጎማዎቹ ጋ አይቼዋለሁ፣ አባዬ» አለች። «ሰኔ ላይ።»

ገመቺስ ቀና አለ። ያኔ የተያዩትን አስተያየት የምጽፍበት ቃል የለኝም። የያዝኩት አንሶላ ጭቃው ላይ ሲወድቅ እንኳ አላነሣሁትም።

«ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ ገመቺስ። «ትንሽ ልደራጅ ብዬ እንጂ...»

ጋሽ ዋቅጅራ ዣንጥላቸውን ዘረጉ።

«ሽማግሌዎቹንስ ስንት ወር ቀብተህ ነው የምታደርቃቸው?»