ጉሮሮዋ ላይ መስመር የሌላት አበባ

ቃልኪዳን አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ከራስጌዋ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሥሩ ወተት የመሰለ ነገር የቋጠረ ብርጭቆ አለ፤ ከጎኑ አንዲት ሮዝ አበባ። የማንያታ ሰፈር ሰው ሁሉ አበባዋን ያውቃታል፤ የበረሃ ጽጌረዳ ናት። ወተቷ የግመል መዥገር የሚገድል መርዝ ነው።

እናቷ እታለማሁ ደጃፉ ላይ ቆማ የምታየው መምሬ ሀብተሥላሴን ነበር። ቄሱ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል እንጂ ወደ ቤት አልገቡም።

«መምሬ፣ ፍትሐት ሳይደረግላት ልትቀበር ነው?»

«እታለማሁ ልጄ፣ ራሷን አጥፍታ ከሆነ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም። እስቲ ፖሊሱ ይጨርስ።»

ኢንስፔክተር አዳኖ ቀጭን የቦረና ሰው ነው፤ አማርኛውን ሞያሌ ገበያ ውስጥ የለመደ። ብርጭቆውን ሳይነካ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰኩት ደረቅ አበቦች ዞረ።

«ማማ እታለማሁ፣ የልጅዎ ሥራ ምን ነበር?»

«አበባ መልቀም። ከባልደረባዋ ከፒተር ጋር ኡራን በረሃ ድረስ እየሄዱ ለዩኒቨርሲቲ ያጠናሉ። ‹የኡራኗ ጽጌረዳና የከተማዋ እህትማማች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም› ትላለች። ትል ነበር። እኔም ‹ይሄም ሥራ ሆኖ!› እያልኩ ስቄባታለሁ።»

«በምን ይለያያሉ?»

«‹ጉሮሮዋን እዪ፣ እማዬ› ትለኝ ነበር። የኡራኗ ጉሮሮ ውስጥ ቀያይ መስመሮች አሉ፤ ቅጠሏም ጠባብ ነው። የከተማዋ ጉሮሮ ግን ንጹሕ፣ ቅጠሏም ሰፊ…»

አዳኖ በእስክሪብቶ ጫፍ የጠረጴዛዋን አበባ ከፈት አደረጋት። ጉሮሮዋን ቀርቦ አየ።

«አንገቷ ላይ የክር ሰንበር አለ። ምን ታስር ነበር?»

«አጉሊ መነጽር። ዛሬ ጠዋትም አንገቷ ላይ ነበር፤ እንቅልፍ ካልወሰዳት አታወልቀውም።» እታለማሁ ገብታ ትራሱን ዳበሰች፤ ወለሉን አየች። «የት ገባ?»

ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቀው ፒተር ነው።

«ፖሌ፣ ማማ» ብሎ እታለማሁን አጽናና። «አዎ፣ እንከራከር ነበር። እኔ ‹ልዩነቱ ከአፈሩ ነው› ስል፣ እሷ ‹ፒተር፣ ዓይንህን ታከም› ትለኛለች። ዛሬ አብረን ኡራን ልንሄድ ነበር፤ በማለዳ ደውላ ‹የሚያደርሰኝ መኪና አግኝቻለሁ› አለችኝ።»

«የማን?»

«አልነገረችኝም።»

የአክስቷ ልጅ መቅዲ ዓይኗ አብጧል። «ያገኘኋት እኔ ነኝ። እዚሁ ፊት ለፊት ካለው ሆቴላችን ስመለስ የተኛች መስሎኝ ‹ተነሺ፣ አንቺ ሙሽራ!› አልኳት።»

«ከፍቷት ነበር?»

«እሷን? ጠዋት እኮ በጸጉሬ ስትስቅብኝ ነበር! ‹በሠርጌ ቀን እንዲህ ከመጣሽ ከፍየሎቹ ጋር ነው የማስቀምጥሽ› ብላኛለች።»

እጮኛዋ ያዕቆብ ፍየልና ግመል በሎሪ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። «ከእሑድ ወዲህ አላየኋትም። ዛሬ ቤቴ ሎሪዬን ስጠግን ዋልኩ» አለ። «ሠርጉን ፈርታ ነበር። ማጽናናት ነበረብኝ።»

አዳኖ ወጣ። ሲመለስ ሰዎቹን ሰበሰበ፤ ቄሱንም ቀረብ እንዲሉ ለመናቸው።

«ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የከንፈር ምልክት የለም። ወተቱ ከሥሩ ብቻ ነው፤ ማንም አልጠጣበትም። ሰው እንዲያየው የተቀመጠ ነው።»

እታለማሁ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች።

«አበባዋ ዛሬ የተቆረጠች ናት፤ ጉሮሮዋ ግን ንጹሕ ነው። የኡራን አይደለችም። ሰፈሩን ዞሬ ጠየቅሁ። የከተማዋን ዓይነት የተከለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያዕቆብ፣ ደጅህ ላይ የተቆረጠው ግንድ ወተቱ ገና አልደረቀም።»

«ከደጄ ማንም አላፊ አግዳሚ ይቆርጣል!»

«እውነትህን ነው። ስለዚህ ሎሪህንም ፈተሽኩ።» አዳኖ ከኪሱ ክሩ የተበጠሰ አጉሊ መነጽር አወጣ። «ከወንበሩ ሥር፣ የመዥገር መርዝ ከያዘ የሶዳ ጠርሙስ አጠገብ ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ካላየሃት፣ ዛሬ ጠዋት አንገቷ ላይ የነበረው መነጽር እንዴት መኪናህ ውስጥ ተገኘ?»

ያዕቆብ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«አልገደልኳትም! ከኡራን ስንመለስ ጎማ ፈነዳብን። እኔ ስቀይር እሷ ጠምቷት ጠርሙሱን አንስታ ጎነጨች። የመዥገሩን መድኃኒት እኛ ነጋዴዎች ሁላችንም በሶዳ ጠርሙስ ነው የምንይዘው። እሷን ማስጠንቀቅ ረሳሁ።»

«መንገድ ላይ ሐኪም ቤት የለም?»

«አለ።»

«ታዲያስ?»

«‹መርዞ ገደላት› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይሻላታል እያልኩ… በሩን አልፌ ነዳሁ።»

«አንተ ፈሪ!» ብላ መቅዲ ጮኸች።

«ሰፈሩ ጫት ላይ፣ ቤተሰቡም ሆቴሉ ውስጥ በነበረበት ሰዓት፣ ለሆቴሉ ዕቃ በምታራግፍበት የጓሮ በር አስገባሃት» አለ አዳኖ። «ሎሪህን ማን ልብ ይለዋል? ስትሸከማት ክሩ ተበጠሰ። ከዚያ ከደጅህ አበባ ቆርጠህ አጠገቧ አኖርክ። ሁለቱ እንደሚለያዩ ነግራህ አታውቅም?»

«ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር» አለ ያዕቆብ። «አንድም ቀን አላዳመጥኳትም።»

መምሬ ሀብተሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «እታለማሁ፣ ፍትሐቱ በሙሉ ሥርዓት ይደረጋል» አሉ።

እታለማሁ ይህችን ቃል ብትሰማ ትንሽ የምትተነፍስ መስሏት ነበር። ቃሉ መጣ፤ ትንፋሹ ግን አልመጣም። ያዕቆብ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ስትሞት ማንን ጠራች?»

ቀና አላለም። «እርስዎን። ሐኪም ቤቱን ካለፍን በኋላም ‹እማዬ፣ እማዬ› ትል ነበር። ድምጿ እስኪጠፋ።»

አልመታችውም፤ አልረገመችውም። ወደ ቤት ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የልጇን ቀዝቃዛ እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለች።

«ወዬ፣ ቃልዬ» አለቻት። «ወዬ፣ የኔ ልጅ። ይኸው መጣሁ።»