ባለ ረጅም አገጩ ዓሣ

የእንጨት ዓሣ ማጥመጃ ጠራቢው ሐይቁ ዳር ሸምበቆው መሀል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። አጠገቡ አንዲት ባዶ ጀልባ ትወዛወዛለች፤ ውስጧ የሟች የማጥመጃ ዘንግ ተጋድሟል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ጉሮሮው የቀላ፣ ከአፉ ሥር ረጅም ስስ ፕላስቲክ የተሰካለት አረንጓዴ የእንጨት ዓሣ ከነመንጠቆው ታስሯል።

ጀልባዋ የጎረቤት ናት። ባለቤቷ ከሟች ጋር ከትናንት በስቲያ ሰው ፊት ተሰዳድቧል፤ ስለዚህ ፖሊሶቹ ብዙም ሳይጠይቁ ካቴና አጠለቁለት። መርማሪዋ ስትደርስ አምስት ልጆች እንዳሉት ነገራት።

ከዚያ ወደ ሟች ወርክሾፕ ሄደች። ሟች ይጠርባል፣ ታናሽ ወንድሙ ቀለም ይቀባል፣ ሚስቱ በመጨረሻ መንጠቆውንና ከአፉ ሥር የምትሰካውን ስስ ፕላስቲክ ትገጥማለች። አገጭ ይሏታል። አገጭ የሌለው ዓሣ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ባለ አጭር አገጩ ሲጎትቱት ትንሽ ይጠልቃል፤ ባለ ረጅሙ ግን ቁልቁል ይምዘገዘጋል፣ ለጥልቅ ውኃ ብቻ ነው። ይህን ያስረዳቻት ሚስትየው ናት፤ ያን ዕለት እህቷ ቤት አድራ ነበር።

ወንድምየው ሳይጠየቅ ይመልሳል። ጋሼ እንደ ልማዱ ማለዳ የሚወዳትን አረንጓዴዋን ይዞ ወደ ሸምበቆው ሄደ አለ። መርማሪዋ እየሰማችው የእንጨት ዓሦቹ የሚሞከሩበትን የድንጋይ ገንዳ ታያለች። ዙሪያውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ይዞታል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ተፈግፍጎ ነጥቷል።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ባለ ረጅም አገጭ ዓሣ ሸምበቆ ውስጥ ማን ይጥለዋል?» አለች ጀልባዋ ውስጥ የተገኘውን አንስታ።

ባለ ጀልባው ሳቅ አመለጠው። «ማንም! ጭቃ ነው ጠርጎ የሚያወጣው። የኔ እመቤት፣ ሰው ገደለ ከምትይኝ ይልቅ ይህን አሰረ ብትይኝ ነው የማፍረው።»

«እንግዲያው ያሰረው ሟች አይደለም። አንተም፣ አገጩን የምትገጥመው ሚስቱም አይደላችሁም። ያሰረው ዓሦቹን በቀለማቸው ብቻ የሚለይ ሰው ነው፤ ከእጁ የሚወጡት አገጭ ሳይገባላቸው ነው። ሟችም የወደቀው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ነው። ያን የገንዳውን ጠርዝ ማን አጠበው?»

ቀለም ቀቢው ጣቶቹን አየ። ጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ። ሳምንት ሙሉ ቅርፊት በቅርፊት የቀባቸውን ዓሦች ወንድሙ ዓይኑ እያየ በብርጭቆ ወረቀት እንደፋቃቸው፣ ዓሣ ለቀለም ደንታ የለውም እንዳለው፣ አንዴ ብቻ እንደገፈተረው ተናገረ። አንዴ ብቻ የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገማት።

መርማሪዋ ካቴናውን ከባለ ጀልባው እጅ ፈታች።

ሚስትየው ከወንበሯ አልተነሳችም። «ትናንት ትከሻዬ ላይ ተደፍተህ ያለቀስከው እኮ…» ብላ ተወችው።

«የምሬን ነበር እትዬ» አላት እጆቹን ለካቴናው እየዘረጋ። «እሱ ነው የባሰብኝ።»