ፀሐይ ያላየው ደረት

ኢያቄምን ያወቅሁት ሲቆጣኝ ነው። ካዛንቺስ ባለ ሆስፒታል፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። እኅቱ ፍሬሰላም ያለ ጊዜው የወለደችው ማሙሽ ቆዳው ቢጫ ብሎ ስላሳሰበን፣ ተረከዙን እየወጋን ደም እናስመረምርለት ነበር። አጎት ሆዬ በር ላይ ጠብቆ፣ «ለመሆኑ ደም ይተርፈዋል?» አለኝ። ተናደድኩ። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ሳይ ግን ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ በኡራኤል በኩል እየመጣ ስለ ሕፃኑ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ያልቃል፤ እሱ አይሄድም። እኔም ሥራ እንዳለብኝ እየነገርኩት እቆማለሁ። ጉድ እኮ ነው!

በዚያው ሰሞን ደም የማይፈልግ መለኪያ መጣልን። ግንባር ላይ ነካ ሲያደርጉት ብርሃኑ ብልጭ ይልና ቢጫው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያሳያል። ማሙሽን ለካሁት፤ ዝቅተኛ ነው። አያቱ እትዬ ጀማነሽ እልል ብለው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ኢያቄም እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለ። ልጁ እንቅልፍ ያበዛል፤ መጥባትም ሰንፏል። ፍሬሰላምን ጠየቅኋት። ለካ እትዬ ጀማነሽ ጠዋት ጠዋት እኛ ተራ ስንቀያየር፣ እናቱ ደረት ላይ እንደታቀፈ መስኮቱ ጋ አስቀምጠው ፊቱን ፀሐይ ያሞቁት ኖሯል! ልጆቻቸውን ሁሉ እንዲያ ነው ያሳደጉት። ፀሐይ ግን ያገኘችውን ቆዳ ታነጣለች እንጂ ደም ውስጥ ያለውን በዚያ ልክ አታወርደውም። መለኪያው ደግሞ የሚያየው ቆዳውን ነው።

ልብሱን ገልጬ ደረቱን ለካሁ። ቁጥሩ በጣም ከፍተኛ ነበር።

ሐኪሙ በደም ይረጋገጥ አለ። እትዬ ጀማነሽ ግን ተቆጡ። እኔ የልጄን ልጅ ልጎዳ ነው ወይ፣ ደግማችሁ አትወጉትም፣ ይዘነው እንወጣለን አሉ። ኢያቄም መሃላችን ቆሞ ቀረ። እሳቸው እናቱ ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ? ፈራሁ፤ ለልጁም ለራሴም።

«ኢያቄም» አልኩት፣ «አሁን ከወጣ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። እሱ ይዳንና አንተ ብትጠላኝም ይሻለኛል።»

እናቱን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማሙሽን እግር ራሱ ያዘልኝ።

«ውጊው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አምንሻለሁ።»

የደሙ ውጤት ከደረቱ ጋር ገጠመ። ማሙሽ ወዲያው ዓይኑ ተሸፍኖ ቢጫውን ከደም የሚያወርደው ሰማያዊ መብራት ሥር ገባ። እትዬ ጀማነሽ አኩርፈው በሩ ጋ ተቀመጡ፤ ሰላምታዬንም አልመለሱልኝ።

ጥቂት ቀናት አልፈው አንድ ጠዋት ማሙሽ ጡት አምጡ ብሎ ክፍሉን በጩኸት አናወጠው። ደሙም ቢጫው መውረዱን መሰከረ። አሸነፍን በቃ! ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ። ኢያቄምም እጄን ያዘኝ፤ አልለቀቀኝም።

ሲወጡ እትዬ ጀማነሽ ወደ እኔ መጡ። ሊወቅሱኝ መስሎኝ ነበር።

«አባትሽ ቤት የት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ላንቻ ነው አልኳቸው። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሽማግሌ ለመላክ አንተ እስክትናገር ከጠበቅሁ፣ ይሄ ማሙሽ ይቀድምሃል።»

ኢያቄም አንገቱን ደፋ። እኔም እየተሽኮረመምኩ፣ አባቴ እሑድ እሑድ ከቤት እንደማይወጣ ነገርኳቸው።