በዊትሎክ ጉሮሮ የቀረው ውሃ

የእርሻው ጌታ ኤልካና ዊትሎክ ማክሰኞ ጠዋት ከሩዝ ማሳው ቦይ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ረፋድ ላይ የቦዩ ጠባቂ የሆነው ባሪያ ኳሽ ጋጣ ውስጥ ገዳይ ተብሎ በሰንሰለት ታስሮ የመሰቀያ ገመዱን ይጠባበቅ ነበር። ዘመኑ የእንግሊዝ ንጉሥና የአሜሪካ ግዛቶቹ ጦር ሊማዘዙ ያሰፈሰፉበት ነው።

የወረዳው አስከሬን መርማሪ ሚስተር ታልማን ዶርካስን አስጠራት። ዶርካስ ነፃ የወጣች ጥቁር አዋላጅ ናት፤ በደቡብ ካሮላይና የሚወለደውን ስትቀበል፣ የሚሞተውን ስትገንዝ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ታልማን ዓይኗን ያምናል። ሕጉ ግን በነጭ ላይ የምትሰጠውን ቃል አይቀበልም።

በቅድሚያ ወደ ጋጣው ሄደች።

«እማማ ዶርካስ፣ እኔ አልገደልኩትም» አለ ኳሽ።

«መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

«ትናንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከቅጠል የጨርቅ ቀለም ወደሚያወጡበት ቀለም ቤት ሲሄድ። ‹ወንድሜ በገዛ ቤቴ ጉድ ሠራኝ› እያለ ብቻውን ያወራ ነበር።»

«አንተስ ቀለም ቤት ትገባለህ?»

«እኔ የሩዝ ሰው! ደጁ ላይ ብቆም ቆዳዬን ይገፉታል እኮ።»

እጆቹን ገልብጣ አየች። ጭቃ እንጂ ሌላ የለባቸውም።

የሟቹን ሚስት ሄስተርን ጥቁር ጨርቅ ስትቀድ አገኘቻት።

«እመቤቴ፣ የቀለም ቤቱ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ከባሌ ኪስ ተገኝቷል፤ ሌላው ወንድሙ ሩፈስ ጋ ነው። ምን አገባሽ?»

«ይጣሉ ነበር?»

«ባሌ የንጉሡ ሰው፣ ሩፈስ የአመፀኞቹ። ምሳ በሰላም በልተን አናውቅም።»

ዶርካስ ከዚያ ወደ አስከሬኑ ሄደች። ፊቱ ታጥቧል። ጭቃ ውስጥ ተደፍቶ የተገኘ ሰው ጥርሱ መሐል አንዲት የጭቃ ጠብታ የለችም። አፉን ከፈት አድርጋ አሸተተችና ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

«ጌታው፣ እኔ ብቻዬን ባየው ዋጋ የለውም» አለችው ታልማንን። «ሁሉንም ይጥሩልኝ።»

ለምርመራው ከአካባቢው ባለርስቶች የተመረጡት አሥራ ሁለት ዳኞች፣ ሄስተርና ሩፈስ አስከሬኑን ከበቡ። ኳሽም በሰንሰለቱ እየተጎተተ መጣ። ሩፈስ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጓንት አጥልቋል።

«ይቺ ጠንቋይ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ።

ዶርካስ ነጭ ጨርቅ በሟቹ አፍ ላይ አድርጋ ደረቱን ጫን አለችው።

«ጌታው፣ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ» አለ ታልማን።

«ትንሽ ይታገሡ።»

አረንጓዴው ከጠርዙ ጠቆር ጠቆር አለና በሁሉም ፊት ሰማያዊ ሆነ።

«የገንዳ ውሃ!» ብሎ ጮኸ የራሱ ቀለም ቤት ያለው አንድ ዳኛ። «የቀለም ቅጠል የተዘፈዘፈበት ነው! አየር ሲነካው ነው እንዲህ የሚሆነው!»

«እንግዲህ ቦይ ውስጥ አልሞተም» አለች ዶርካስ። «ገንዳ ውስጥ ደፍቀውት፣ ፊቱን አጥበው እዚያ ጣሉት። ኳሽ ደግሞ ቁልፍ የለውም። የሰውን ራስ እዚያ ገንዳ ውስጥ የያዘ እጅ ለሳምንት አይጠራም። ሁላችሁም እጃችሁን አሳዩ።»

ኳሽ ጭቃ የለበሱ እጆቹን ዘረጋ። የሄስተር እጆች ነጭ ነበሩ።

«እኔ ለባሪያ ዘር ጓንት አላወልቅም» አለ ሩፈስ።

«ለእኔ አውልቅ» አለው ታልማን።

ጓንቱ ሲወልቅ እጁ እስከ አንጓው ሰማያዊ ነበር።

«ቀለም ቤቱ ውስጥ የደበቅነውን ባሩድ አገኘው!» አለ ሩፈስ። «ለንጉሡ ሹም ሊነግር ነበር! ስንት ሰው ይሰቀል ነበር? ለነፃነት ብዬ ነው!»

ከዳኞቹ ሦስቱ አቀረቀሩ። ኳሽ ሰንሰለቱን እንደያዘ ሩፈስን አፍጥጦ ያየው ነበር።

ሩፈስን ወሰዱት፤ የኳሽ ሰንሰለትም ተፈታ። ሄስተር ግን ፊቷን አዞረች። «ይሄን ሰው ከዚህ በኋላ እዚህ ማየት አልችልም። በሚቀጥለው መርከብ ይሸጥ።»

«እመቤቴ፣ እሱ እኮ ምንም አላደረገም!»

«አውቃለሁ።»

ዶርካስ ወደ ታልማን ዞረች። እሱም የመጻፊያ ቀለም ብልቃጡን እየከደነ፣ «እኔ የተጠራሁት ለሞተው ነው» አለ። ዓይኗን ግን አላያትም።

ኳሽ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የተላጠ ቁርጭምጭሚቱን ይዳስስ ነበር።

«ሚስቴ ቢና ከወንዙ ማዶ ናት» አለ። «ትነግሪልኛለሽ?»

«አሁኑኑ» አለች ዶርካስ፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጀልባው ወረደች።